«ኢንሹራንስ አለኝ» ሲባል የምን? ስለ ተሽከርካሪ መድን የሚነሱ ጥያቄዎች

በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ ተሽከርካሪ መድን በብዛት የሚነሱ ጥያቄዎችን ለማየት እሞክራለሁ። ለመጻፍ ያነሳሳኝ በጎረቤታችን ላይ የደረሰ አደጋ ነው።

ጎረቤታችን ባጃጅ የሚነዱት ተበድረው በገዟት ባጃጅ ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጉዱማሌ አካባቢ ድንገት መንገድ የገባ ልጅ ገጩ፤ ከዚያም ባጃጇ ከመብራት እንጨት ጋር ተላተመች። የልጁ እግር ተሰበረ፣ የባጃጇ ፊት ተጨራመተ። መድን ድርጅቱ የልጁን ጉዳይ ተቀበለ፤ የባጃጇን ግን «አይመለከተንም» አለ። እሳቸውም ጠርተው፣ «አንተ ልጅ፣ የምትማረው ይሄንኑ አይደል? ስቲከሩ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ እያለ ለምንድን ነው የማይከፍሉኝ?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም።

ለመሆኑ መድን ምንድን ነው?

መድን ውል ነው። ብዙ ሰዎች አረቦን (ፕሪሚየም) ያዋጣሉ፤ አደጋ የደረሰበት ከተዋጣው ይካሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንብረት መድንን የካሳ ውል ያደርገዋል። ይህም ማለት የጠፋውን ይተካል እንጂ ባለንብረቱን አያተርፍም። ውል እስከሆነ ድረስ ደግሞ የሚከፈለው በውሉ ለተጻፈው አደጋ ብቻ ነው።

የሦስተኛ ወገን ማነው?

አንደኛው ወገን መድን የገባው፣ ሁለተኛው መድን ሰጪው ድርጅት ነው። ሦስተኛው በተሽከርካሪው የተጎዳው ውጪያዊ ሰው ነው። ይህ መድን በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ግዴታ ሆነ፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ። ዓላማው እግረኛው በገጪው ኪስ መሳሳት ምክንያት ያለ ካሳ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ ስቲከሩ የሚጠብቀው ልጁን እንጂ ባጃጇን አይደለም። የጎረቤታችን ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው።

ካሳው ወሰን አለው?

አዎ። አዋጁ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ነበር ያስቀመጠው። መጠኑ የሚሻሻል ስለሆነ ውል ሲገቡ በወቅቱ የሚሠራውን መጠየቅ ነው። መዘንጋት የሌለበት ግን ጉዳቱ ከወሰኑ ቢበልጥ ባለንብረቱ ነፃ አለመሆኑ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪን ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል።

ታዲያ የራሴን መኪና ማን ይጠግንልኛል?

ለዚህ ሙሉ ሽፋን (ኮምፕሪሄንሲቭ) የሚባለው አለ። ግጭትን፣ መገልበጥን፣ ቃጠሎንና ስርቆትን ይሸፍናል። «ሙሉ» መባሉ ግን አያታልለን። በአገልግሎት ብዛት ያረጀ ጎማና በራሱ ጊዜ የነከሰ ሞተር አይካተቱም። ጠጥቶ መንዳት ወይም ለዚያ ተሽከርካሪ የሚሆን መንጃ ፈቃድ ሳይኖር መንዳትም ካሳን ያስከለክላል። በተጨማሪ በእያንዳንዱ አደጋ መድን ገቢው ራሱ የሚችለው ድርሻ (ኤክሰስ) ይኖራል።

አረቦን እንዲቀንስ ግምቱን ዝቅ ባደርግስ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። 400,000 ብር የምታወጣ ባጃጅ በ200,000 ብር ተመዘገበች እንበል። የመድን ሽፋኗ ግማሽ ብቻ ነው። የ60,000 ብር ጉዳት ቢደርስባት ድርጅቱ በተመጣጣኝ ስሌት 30,000 ብር ያስባል፤ ኤክሰሱም ከዚያ ላይ ይነሳል። ለቀሪው ግማሽ ባለንብረቱ የራሱ መድን ሰጪ ሆኖ ይቆጠራል። በአረቦን ያተረፍነው በጥገና ይወጣል ማለት ነው።

ገጪው ቢያመልጥስ?

ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው ተሽከርካሪ ተጎጂዎች የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከሦስተኛ ወገን አረቦን ላይ ነው። ይህንን የማያውቅ ቤተሰብ «ገጪው አልተያዘም» ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ስለሚችል ለምናውቀው ሁሉ ብንነግር መልካም ነው።

አደጋ ሲደርስ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ሰው ማዳን ይቀድማል። ከዚያም ለትራፊክ ፖሊስ ማሳወቅ፣ ሪፖርቱን መያዝና ለመድን ድርጅቱ ማመልከት ይገባል። የንግድ ሕጉ አደጋው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ 5 ቀን ስለሚሰጥ «ነገ እሄዳለሁ» እያሉ ማሳለፍ ያስጎዳል። ድርጅቱ ሳያየው ጋራዥ ማስገባትም፣ «በሽማግሌ ጨረስነው» ብሎ ጥፋትን አምኖ መፈረምም ካሳን ሊያሳጣ ይችላል።

ማጠቃለያ

ይህንን ሁሉ ለጎረቤታችን ባስረዳቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ስገባ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ!» አሉ። ባጃጇ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ የወሩ ዕዳ ግን አይቆምም። የተሰበረው ልጅ መታከሙ ግን የአዋጁን ጥቅም ያሳያል፤ ያለ እሱ ሁለት ቤት ነበር የሚጎዳው።

እንግዲህ አንድ ሰው «ኢንሹራንስ አለኝ» ሲለን «የምን?» ብለን እንጠይቀው። ፖሊሲው የሚነበበው አደጋ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ከመፈረሙ በፊት ነው። ማንበብ ለማይችሉት ወላጆቻችንና ጎረቤቶቻችን ማንበብ ደግሞ የእኛ፣ የተማርነው፣ ድርሻ ነው።