የዘፈን ቃል በሰንሱል ስለ መጻፍ

ዘፈን በአፍ ተወልዶ በጆሮ ያድጋል፤ የሚያወርደውና የሚቀበለው ሰው ባለቀ ጊዜም ከሰዎቹ ጋራ ይቀበራል። ለዚህም በደብረ ታቦር አጠገብ ያለው የጋፋት ስም ምስክር ነው። ጋፋት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበትን ስፍራ ነው። ነገር ግን በዚሁ ስም የሚጠራ ሕዝብና ቋንቋም ነበረ። ቮልፍ ሌስላው የተባለ የቋንቋ ሊቅ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ ጎጃም ሄዶ ቢፈልግ፥ ጋፋትኛ የሚያውቁ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። ዛሬ የሚናገረው የለም።

በ18ኛው መቶ ዘመን ጄምስ ብሩስ የተባለው ተጓዥ ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ፥ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን በጋፋትኛ አስተርጕሞ ነበርና ጽሑፉ እስከ ዛሬ በኦክስፎርድ ከተማ ተጠብቆ ይገኛል። ያ መዝሙር ስለ ተጻፈ ተረፈ። በእርሻና በሠርግ ይዘፈን የነበረው፥ ጸሓፊ ያላገኘው ቃል ግን ከወዴት ይገኛል?

ስለዚህ መምህራን በየቀበሌያቸው የሚዘፈነውን ቢጽፉ መልካም ነው። ዳሩ ግን በሣጥን የተከተተ ወረቀት ለሕፃን አይናገርምና፥ ቃሉ ቆሞ የሚታይበት ብልሃት ያስፈልጋል። አባቶች ይህን ያውቁት ነበር። ረዥም ብራና ወዲህና ወዲያ እያጠፉ፥ በየእጥፋቱ ሥዕል እየሣሉ ሰንሱል ይሉታል፤ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ማለት ነው። በባልቲሞር ከተማ በዋልተርስ ሙዚየም ያለው የ15ኛው መቶ ዘመን ተጣጣፊ የኢትዮጵያ ሥዕል 38 ምስሎች አሉት፤ ሲዘረጋ እንደ መንኰራኵር ክብ ይሆናል። በጃፓን አገርም በ10ኛው መቶ ዘመን ባለቅኔዎች ቢዮቡ ለሚባለው ተጣጣፊ መከለያ ግጥም ይገጥሙ ነበር።

ለተማሪ ቤት የሚሆነው አሠራር እንዲህ ነው። ቁመታቸው አንድ ክንድ የሆነ ስድስት ወፍራም ካርቶኖች ተቈርጠው ጐን ለጐን ይደረደራሉ። በመካከላቸው የካርቶኑን ውፍረት እጥፍ የሚያህል ክፍተት ይተዋል፤ በጨርቅና በሙጫም ይያያዛሉ። ጨርቁ አንዱ በፊት አንዱ በኋላ እየተፈራረቀ ሲለጠፍ ሰንሱሉ ወዲህና ወዲያ ይታጠፋል። ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ይወድቃል፤ ከታጠፈ ግን ያለ ድጋፍ ይቆማል።

በ1ኛው፥ በ3ኛውና በ5ኛው ገጽ የአውራጁ ቃል፥ በ2ኛው፥ በ4ኛውና በ6ኛው የተቀባዮቹ ቃል ከነሥዕሉ ይጻፋል። ከአንዱ ወገን የሚመጣ ሰው የአውራጁን ብቻ፥ ከሌላው ወገን የሚመጣ የተቀባዮቹን ብቻ ያያል፤ በፊት ለፊት የቆመ ሁለቱንም ያነባል። ስለዚህ ሕፃናቱ በሁለት ተከፍለው በግራና በቀኝ ቢቆሙ፥ እያነበቡ ይቀባበላሉ።

ቃሉን የሚሰጡት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። መምህሩ ሰምቶ ከጻፈ በኋላ መልሶ ያንብብላቸው፤ እነርሱ ያረሙትን ያርም እንጂ በራሱ አሳብ አያሳምረው። ያልገባውን ቃል እንደ ሰማው ይጻፈው፤ ያ ቃል ከቀድሞ ቋንቋ የተረፈ ሊሆን ይችላልና። ከኋላም ቃሉ የተሰማበት ቀበሌና ዓመተ ምሕረት ይጻፍ።

ሰንሱሉ ዓመቱን ሙሉ ታጥፎ ከመጻሕፍት ጋራ ይቀመጣል። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል፥ ልጆች ሆያ ሆዬ በሚሉበት ሰሞን፥ በአደባባይ ይዘርጋ። በዚያን ጊዜ የሚያልፉት አረጋውያን የጐደለውን ስንኝ ያሟላሉ፤ ተማሪዎቹም ሌላ እጥፋት ይቀጥሉበታል።