ለውሻችን ጥሬ ሳንባና ጉበት አንስጥ

ውሻ ቤታችንንና ከብታችንን ይጠብቅልናል። ስለዚህ ልናበላው ይገባናል። ግን ምን እናብላው?

በግ ወይም በሬ ስናርድ አንዳንዴ በሳንባውና በጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ዕባጭ እናያለን። በውስጡ የትል እጭ አለ። ጥሬውን ለውሻ ከጣልንለት ትሉ በውሻው አንጀት ያድጋል። በዓይን የማይታይ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ይወጣና ሣሩን ይበክላል። በጉ ሣር ሲግጥ እንቁላሉን አብሮ ይውጣል። ውሻ ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ የበላ ልጅም እንዲሁ። ዕባጩ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ኦፕራሲዮን እስከማስፈለግ ይደርሳል።

ዕባጭ ያለበትን እናቃጥል፤ ወይም ውሻ እንዳያወጣው አርቀን ቆፍረን እንቅበር። ሌላውን ሆድ ዕቃ 30 ደቂቃ አፍልተን ቀቅለን፣ ከእንጀራ ፍርፋሪ ጋር እንስጠው። ውሻችንም ይጠግባል፤ ልጆቻችንም ከበሽታ ይጠበቃሉ።