የዶሮ ላባ መርገፍና የባለ ሱቅ ኀላፊነት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ በላፍቶ፥ በመካኒሳና በለቡ መንደሮች፥ በግቢው ጥቂት እንቍላል ጣይ ዶሮዎች የሚያረባ ቤተ ሰብ አለ። የዶሮዎቹ ላባ ረግፎ ገላቸው የተራቈተ እንደ ሆነ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ወደ ሱቅ ሄዶ መድኃኒት ይጠይቃል፥ ወይም ዶሮዋን በርካሽ ይሸጣል። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተደረገ እንደ ሆነ ሁለቱም ኪሳራ ነው። ስለዚህ መኖና መድኃኒት የሚያስመጣውም ሆነ በችርቻሮ የሚሸጠው ነጋዴ የላባ መርገፍን ምክንያቶች ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

አንደኛው ምክንያት በሽታ አይደለም፤ የተፈጥሮ ላባ መቀየር ነው። ዶሮ ዕድሜዋ ከዓመት ሲያልፍ አሮጌውን ላባ ጥላ አዲስ ታበቅላለች። ይኸውም ከራስና ከአንገት ዠምሮ ወደ ደረት፥ ወደ ክንፍና ወደ ጅራት ይወርዳል፤ ከቈዳዋም ላይ እንደ መርፌ የሾለ አዲስ ላባ ብቅ ይላል። የአውሮፓ መጻሕፍት ይህ ነገር ቀኑ ሲያጥር ይሆናል ይላሉ። በአዲስ አበባ ግን የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት 1 ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ላባ መቀየር የተወሰነ ወር ላይጠብቅ ይችላል።

ላባ ከመቶ 85 እጅ ያህል ፕሮቲን ነው። ዶሮዋ ለእንቍላል የምታውለውን ምግብ ለላባ ስለምታውለው፥ ከ2 እስከ 3 ወር ያህል መጣል ታቆማለች። ለዚህች ዶሮ የሚያስፈልጋት መድኃኒት ሳይሆን ጥሩ መኖና ትዕግሥት ነው። እርሷን ሸጦ ጫጩት የሚገዛ ሰው ግን እንቍላል ለማየት 5 ወር ያህል ይቀልባል። ሆኖም ዶሮዋ ከ2 ዓመት በላይ ከሆናት የምትጥለው እየቀነሰ ስለሚሄድ፥ መሸጧ በሒሳብ ሊደገፍ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት አውራ ዶሮ ነው። ላባው ከጀርባና ከማጅራት ብቻ የተላጨ እንደ ሆነ፥ አውራው ሲወጣባት በጥፍሩና በአፉ ያነሣው ነው። ለ10 ያህል ሴት ዶሮዎች 1 አውራ ይበቃል።

ሦስተኛው ምክንያት ተባይ ነው። የዶሮ ቅማል ከገላዋ ስለማይለይ በፊንጢጣዋ ዙሪያና በክንፏ ሥር ቀን በቀን ይታያል። ሌላው ደም መጣጭ ቀይ ተባይ ግን ቀን በቆጥ ስንጥቅ ተሸሽጎ ሌሊት ይወጣል፤ ስለዚህ በምሽት መብራት ይዞ ቆጡን መመርመር ያስፈልጋል። ገላዋን ብቻ ማከም ቤቱን ሳያጸዱ ከንቱ ድካም ነው። የተባዩ እንቍላል ስለሚፈለፈልም ሕክምናው ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይደገማል። ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት ደረቅ አፈርና አመድም ይረዳል።

አራተኛው ምክንያት መነቃቀር ነው። ላባው ከጅራት ሥር ተነቅሎ ቈዳው የደማ እንደ ሆነ፥ ቦታው ጠብቧል ወይም መኖው ፕሮቲን ጐድሎታል። በ1 ካሬ ሜትር ከ5 ወይም ከ6 ዶሮ በላይ ማስፈር አይገባም። በቆሎ ከመቶ 9 ያህል ፕሮቲን ብቻ ሲኖረው እንቍላል ጣይ ዶሮ 16 ያህል ትፈልጋለች፤ ስለዚህ በቆሎና ፉርሽካ ብቻ የሚገዛውን ደንበኛ ስለ ኑግ ፋጉሎ ማስታወስ የሚገባ ነው።

እንግዲህ ባለ ሱቅ እጁን ወደ መደርደሪያው ከመስደዱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ላባው ከየት ረገፈ? ዶሮዋ ስንት ወሯ ነው? የምትበላውስ ምንድን ነው? ደንበኛው መልሱን ካላወቀ፥ ወይም ዶሮዋ መብላት ያቆመች እንደ ሆነ፥ ወደ እንስሳት ሐኪም ይምራው። ለእህል ነቀዝ ወይም ለአትክልት ተባይ የተሠራ መርዝ በዶሮ ገላ ላይ እንዲነሰነስ መሸጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ መርዙ በእንቍላሉ በኩል እስከ ሕፃናት ማዕድ ሊደርስ ይችላልና። አስመጪውም ለዶሮ የተፈቀደውን መድኃኒት ሲያቀርብ፥ ከሕክምናው በኋላ እንቍላሉ ስንት ቀን እንደማይበላ በአማርኛ ተጽፎ እንዲገኝ ቢያደርግ መልካም ነው። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ንግድ በአዋጅ ቁጥር 728/2004 ዓ.ም. ቁጥጥር የተደረገበት መሆኑም አይዘነጋ።

ለማያስፈልግ ዱቄት ገንዘቡን ያስከፈሉት ደንበኛ አንድ ቀን ይገዛል፤ «ዶሮህ ጤነኛ ናት፥ መኖዋን አሻሽል» የተባለው ግን መኖውን ዓመቱን ሙሉ ከዚያው ሱቅ ይወስዳል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ የነጋዴም መልካም ስም የሚገነባው እንዲሁ ነው።