ስሙ ሳይለወጥ ቅጽሉ ሲለወጥ

ቅጽል ከስም በፊት እየገባ የስሙን ዓይነት፣ መጠንና ጠባይ እንደሚገልጥ ባለፈው ትምህርት ተመልክታችኋል። ቅጽል የሚሆነው ነጠላ ቃል ብቻ አይደለም። «መጥረጊያ የያዘች ሴት» ስንል «መጥረጊያ የያዘች» የሚለው ሐረግ ሴቲቱን ስለሚገልጥ የቅጽልን ሥራ ይሠራል። ይህን አሠራር በቃል ሳይሆን በዕቃ የተጠቀመችበት አንዲት አሜሪካዊት የሥነ ጥበብ ባለሙያ አለች፤ ስሟ ቤቲ ሳር ነው። ሥራዋን ከማየታችን በፊት ግን የተነሣችበትን ሴት እንወቅ።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ ፓንኬክ የሚባለው የቁርስ ቂጣ ዱቄት «አክስት ጀማይማ» በሚል ስም ይሸጥ ነበር። ስሙ የተወሰደው ፊታቸውን ጥቁር ቀለም የተቀቡ ተጫዋቾች በመድረክ ላይ ይዘፍኑት ከነበረ ዘፈን ነው። በመጠቅለያው ላይ ሻሽ ያሰረች፣ ዘወትር የምትሥቅ ጥቁር የቤት ሠራተኛ ትታያለች። እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ይህችን ሴት መስላ ዱቄቱን ያስተዋወቀችው ናንሲ ግሪን በባርነት የተወለደች ነበረች።

«አክስት» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። እኛ አንዲትን ሴት «አክስቴ» ስንል ማቅረባችን ወይም ማክበራችን ነው። በአሜሪካ ደቡብ ግን ነጮች በዕድሜ የገፋችውን ጥቁር ሴት «አክስት» የሚሏት «ወይዘሮ» ላለማለት ነበር። ቃሉ የዝምድና ይሁን እንጂ ሥራው ክብርን መንፈግ ነበር።

ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲገደል ቤቲ ሳር እጅግ ተቆጣች። ከዚያም አክስት ጀማይማን የምትመስል፣ በወጥ ቤት የማስታወሻ ወረቀት መያዣ ሆና የምታገለግል አሻንጉሊት አግኝታ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 «የአክስት ጀማይማ ነጻ መውጣት» የተባለውን ሥራ ሠራች። የሚከተለውን ገለጻ በጥሞና አንብቡ።

«ሣጥኑ ቁመቱ 30፣ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በጀርባው ላይ አንድ ፊት ተደጋግሞ ይታያል፤ በዱቄቱ መጠቅለያ ላይ የምትሥቀው ሴት ፊት ነው። ከሥሩ ጥጥ ተነጥፏል። በመካከል ሻሽ ያሰረች አሻንጉሊት ቆማለች። በአንድ እጇ መጥረጊያ ይዛለች፤ በሌላው ወገን ግን ጠመንጃ አለ። ከፊቷ፣ የሚያለቅስ ሕፃን የታቀፈች ሞግዚት ሥዕል ተቀምጧል፤ በሥዕሉም ላይ የተጨበጠ ጥቁር እጅ ወደ ላይ ተነሥቷል።»

በዚህ ገለጻ ውስጥ «አስደናቂ»፣ «ድንቅ»፣ «ኃይለኛ» የሚሉ ቅጽሎች አልገቡም። እንዲህ ያሉ ቃላት የጸሐፊውን ስሜት ይናገራሉ እንጂ ለአንባቢው ምንም አያሳዩም፤ በተማሪዎች ድርሰት ውስጥ ግን ከሁሉ በፊት የሚደረደሩት እነርሱ ናቸው። ጥጡም ለምን እንደተነጠፈ አልተነገረም። ባሪያዎች በአሜሪካ ደቡብ ጥጥ ይለቅሙ እንደነበር የሚያውቅ አንባቢ ምክንያቱን ራሱ ይደርስበታል። ጸሐፊው አሳቡን ያስገባው «ግን» በሚለው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ቤቲ ሳር አሻንጉሊቷን አልሰበረቻትም፤ ሻሿን አላወለቀችም፤ መጥረጊያውንም ከእጇ አልወሰደችም። «መጥረጊያ የያዘች» የነበረችውን «መጥረጊያም ጠመንጃም የያዘች» አደረገቻት። መጥረጊያው ቢወሰድ ኖሮ ሌላ ሴት ትሆን ነበር፤ ተመልካቹም ስለ ቀድሞዋ ሣቅ ባልተጨነቀ ነበር። አሁን ግን ያው ሣቅ ከጠመንጃው አጠገብ ሲታይ ያስፈራል። የዱቄቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ስሙንና ሥዕሉን እንደሚተው ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ሣጥኑ ከተሠራ ከ48 ዓመት በኋላ።

መልመጃ

«ክፉዋ የእንጀራ እናት» በልጅነታችሁ በሰማችሁት ተረት ውስጥ አለች። «የእንጀራ እናት» የሚለውን ስም ሳትለውጡ፣ «ክፉ» የሚለውንም ቃል ሳትሰርዙ፣ ሁለት የቅጽል ሐረጎችን ብቻ ጨምራችሁ በአንድ አንቀጽ ግለጧት። ከዚያም አንቀጻችሁን ለጓደኛችሁ አንብቡና ስለ ሴቲቱ የነበረው አሳብ ተለውጦ እንደሆነ ጠይቁት።