ልዩ ማዘዣ ወረቀት ለምን አስፈለገ?



መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ «ይህ በተራ ማዘዣ አይሰጥም» ተብላችሁ የተመለሳችሁ ትኖራላችሁ። ነገሩ ማጉላላት ይመስላል። ዳሩ ግን ከወረቀቱ ጀርባ ሕግ አለ፤ ሕጉም የእናትንና የሕፃንን ጤና ለመጠበቅ ይረዳል። በዛሬው ትምህርታችን ይህንኑ እንመለከታለን።

ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች የትኞቹ ናቸው?

በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ክፍል ናርኮቲክ ይባላል፤ እንደ ሞርፊንና ፔቲዲን ያሉ ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች ይገኙበታል። ሁለተኛው ሳይኮትሮፒክ ነው፤ ለጭንቀት የሚታዘዘው ዳያዜፓምና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ከዚህ ይመደባሉ። በአግባቡ ሲወሰዱ ሁሉም ይጠቅማሉ፤ ያለ አግባብ ሲወሰዱ ግን ጥገኛ ያደርጋሉ፣ ሲበዙም ትንፋሽን ያዳክማሉ። በ1961 እና በ1971 እ.ኤ.አ. የወጡት ዓለም አቀፍ ስምምነቶች አገሮች እንዲቆጣጠሯቸው ያዘዙት ስለዚህ ነው። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ቁጥጥሩን የሚያካሂደው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ማን ያዛል?

ማንኛውም የጤና ባለሙያ ለመሥራት የሙያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል። ፈቃድ አለው ማለት ግን ሁሉን መድኃኒት ያዛል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ በሙያው በተፈቀደለት ወሰን ይሠራል። «ሲስተር፣ የእንቅልፍ ኪኒን ጻፊልኝ» የምትሉን እናቶች አላችሁ። ወደ ሐኪም የምንልካችሁ በንፍገት አይደለም።

ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ የየራሳቸው ማዘዣ አላቸው። የታካሚው ስምና አድራሻ፣ የመድኃኒቱ መጠን፣ የአዛዡ ስም፣ ሙያና ፊርማ ይሰፍርበታል። መድኃኒት ቤቱም ወረቀቱን ያስቀራል፤ የሰጠውን ይመዘግባል።

ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብዙ ያገናኘዋል። ፌኖባርቢታል ጉበት ሆርሞንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ስለዚህ በየቀኑ የሚዋጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን፣ ድንገተኛው መከላከያ፣ በክንድ የሚቀበረውም ጭምር አቅማቸው ሊደክም ይችላል። እናት ኪኒኗን አንድ ቀን ሳትረሳ ልታረግዝ ትችላለች፤ ባልም «ሳትውጪው ቀርተሽ ነው» እያለ ያለ ጥፋቷ ይወቅሳታል። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌና በማሕፀን የሚቀመጠው ሉፕ ግን በፌኖባርቢታል አይደክሙም።

ፌኖባርቢታልን በገዛ እጅ በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ብርቱ መንቀጥቀጥ ያስከትላል። መለወጥ ካስፈለገ በሐኪም ምክር ይሁን።

ዳያዜፓምም በእርግዝና መጨረሻ ከተወሰደ ሕፃኑ ዝሎ፣ መጥባት አቅቶትና ትንፋሹ ደክሞ ሊወለድ ይችላል። ጎረቤት «እኔን አስተኝቶኛል» ብላ ያካፈለችው አንድ ፍሬ ኪኒን ይህን አይናገርም፤ ሐኪም ግን ጠይቆ ያዛል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ለሐኪሙ የምትጠቀሙበትን የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ለእኛም የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ንገሩ። የሚጥል በሽታ የሚያሳፍር አይደለም፤ አትደብቁን።
2. እርግዝና ከተጠረጠረ ወይም ልጅ ለመውለድ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ አማክሩ።
3. ለአንዱ የታዘዘውን ሌላው አይውሰድ፤ ባልና ሚስትም ብትሆኑ።
4. እነዚህን መድኃኒቶች ያለ ማዘዣ ከሚሸጥ ሰው አትግዙ፤ ከአልኮል መጠጥ ጋርም አትውሰዱ።
5. መድኃኒቱን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ቆልፋችሁ አስቀምጡ።

ኮንዶም፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንና መርፌ ከእነዚህ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ውስጥ አይደሉም። ስለዚህ ለእነርሱ ልዩ ወረቀት ፍለጋ አትድከሙ። ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ክሊኒካችን ብቅ በሉ፤ ለእናንተ የሚስማማውን ተነጋግረን እንመርጣለን።