ለንግድ ሥራ የሚረዳ የኮምፕዩተር ማመሳከሪያ መጽሐፍ እንዴት ይመረጣል?

በግ ለመግዛት ወደ ገበያ የወጣ የመንዝ ሰው ዋጋ ከመቍረጡ በፊት የበጉን ጥርስ ገልጦ ዕድሜውን ያያል፤ ላቱንም ዳስሶ ሥቡን ይመረምራል። በንግድ ዓለም ያለ ሰው ሁሉ የሚገዛውን ዕቃ በዚህ ዓይነት መመርመሩ የታወቀ ነው። የኮምፕዩተር መጽሐፍ በሚገዛበት ጊዜ ግን ብዙ ነጋዴ የሽፋኑን ማማርና የገጹን ብዛት ብቻ አይቶ ገንዘቡን ይከፍላል። መጽሐፉም ከጥቂት ቀን በኋላ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይገኛል። ኪሳራው ለመጽሐፉ የተከፈለው ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል በሆነ ነበር። የሚከብደው ኪሳራ በደንብ ሳይማሩ በተሠራ ሠንጠረዥ የተሳሳተ ዋጋ መቍረጥና የተሳሳተ ዱቤ መቍጠር ነው።

ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ መታዘዙ አዲስ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ እንዳለበት ደንግጎ ነበር፤ እርሱን የተካው በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው የንግድ ሕግም ይህንኑ ግዴታ አጽንቶታል። የተለወጠው የመዝገቡ መያዣ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ቪዚካልክ የተባለውን የሠንጠረዥ ፕሮግራም ለገበያ አቀረቡ። የዚህ ፕሮግራም ጥቅም አንዱ ቍጥር ሲለወጥ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሒሳብ ሁሉ ራሱን በራሱ ማረሙ ነበር። ዛሬ በየቢሮው የሚሠራበት የማይክሮሶፍቱ ኤክሴል እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ሲሆን፥ የተመሠረተውም በዚሁ አሳብ ላይ ነው።

ይህ መሣሪያ ለአዲስ አበባ አስመጪና ላኪ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በዘመሮ ስኳር፥ ጨውና ጨርቅ የሚሸጥ፥ በአንጻሩም ገብስና የበግ ጠጕር የሚገዛ ባለሱቅ ቢኖር፥ ለእርሱም ይጠቅመዋል። እንዲያውም ከትልቅ ከተማ የራቀ ነጋዴ አጠገቡ የሚጠይቀው የኮምፕዩተር ባለሙያ ስለማያገኝ፥ የጥሩ መጽሐፍ አስፈላጊነት ለእርሱ ይበልጣል። በስልክ የሚታየው የቪዲዮ ትምህርት የኔትወርክ መልካምነትን ይጠይቃል፤ መጽሐፍ ግን ኔትወርክ በሌለበት ስፍራም ይነበባል፥ የሚፈለገው ገጽም ወዲያው ይገለጣል።

አንደኛ፤ የመማሪያና የማመሳከሪያ መጽሐፍ ልዩነት

በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ መጀመሪያ ፊደል ይቈጥራል፤ ከዚያም አቡጊዳን፥ ቀጥሎም መልእክተ ዮሐንስን አልፎ ዳዊት ይደግማል። ፊደል ሳይለይ ዳዊት የሚሰጠው ልጅ የለም። የኮምፕዩተር መጻሕፍትም እንደዚሁ ሁለት ደረጃ አላቸው። የመማሪያ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተራ የሚነበብ፥ በየምዕራፉም መልመጃ ያለበት ነው። የማመሳከሪያ መጽሐፍ ደግሞ እንደ መዝገበ ቃላት ችግር ሲያጋጥም ብቻ የሚገለጥ ነው። የጆን ዎከንባክ ኤክሴል ባይብል ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ምሳሌ ይሆናል፤ የ2016ቱ እትም ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ አለው። ለሠለጠነ ሒሳብ ሠራተኛ መልካም ጓደኛ ነው፤ ለጀማሪ ግን ፊደል ሳይቈጥሩ ዳዊት እንደ መቀበል ያለ ይሆንበታል።

ስለዚህ ገና የሚጀምር ሰው ቀጭን የመማሪያ መጽሐፍ አስቀድሞ መጨረስ፥ ከዚያም ማመሳከሪያውን መግዛት ይገባዋል። በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያ መጽሐፍ ለመነሻ ይረዳል። ነገር ግን በኮምፕዩተሩ መስታወት ላይ የሚታየው ትእዛዝ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ መጽሐፉ የአማርኛውን ትርጕም ብቻ ሰጥቶ የእንግሊዝኛውን ስም ቢያስቀር አንባቢው ትእዛዙን ከመስታወቱ ላይ ለይቶ ማግኘት ይቸግረዋል። ሁለቱንም ጐን ለጐን የሚያሳየው ይሻላል።

ሁለተኛ፤ መጽሐፉና ፕሮግራሙ አንድ ዘመን መሆናቸው

ወደ መጽሐፍ ሻጭ ከመሄድ በፊት በቢሮው ኮምፕዩተር ላይ ያለው ፕሮግራም የትኛው ሥሪት እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። በኤክሴል ፋይል የሚለውን፥ ቀጥሎም አካውንት የሚለውን ቃል ቢጫኑ የሥሪቱ ስም ይታያል፤ ይህንንም በወረቀት ጽፎ መያዝ ይበቃል።

ይህ የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሥሪት የቀድሞውን የትእዛዝ ዝርዝር ትቶ ሪበን የተባለውን አዲስ አቀማመጥ አመጣ። የአንዱ ገጽ ረድፍም ከ65,536 ወደ 1,048,576 ከፍ አለ። ከዚያ በፊት የተጻፈ መጽሐፍ የሚያመለክተው ትእዛዝ ዛሬ በዚያ ስፍራ የለም። በተቃራኒውም በጣም አዲስ የሆነ መጽሐፍ ችግር ያመጣል። ዕቃን በስሙ ፈልጎ ዋጋውን የሚያወጣው ኤክስሉክአፕ የተባለው ፎርሙላ በ2021 ሥሪትና በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈልበት ማይክሮሶፍት 365 ውስጥ ይገኛል፤ በ2016ና በ2019 ሥሪቶች ግን አይገኝም። በእነዚህ ሥሪቶች የሚሠራ ሰው ቪሉክአፕ የተባለውን የቀድሞውን ፎርሙላ የሚያስተምር መጽሐፍ ያስፈልገዋል። ማይክሮሶፍት ለሁለቱ ሥሪቶች የሚሰጠውን ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያቆመ ቢሆንም፥ በየቢሮው ያሉት ፕሮግራሞች መሥራታቸውን አላቆሙም። የደኅንነት ማሻሻያ ግን ስለማይመጣላቸው ባለቤቱ አስቦ መለወጡ መልካም ነው። መጽሐፍም የሚገዛ ከሆነ፥ ፕሮግራሙን የሚለውጥበትን ጊዜ አስቀድሞ ይወስን።

ሦስተኛ፤ መጽሐፉን በሦስት ጥያቄ መፈተን

በመጽሐፉ መጨረሻ የሚገኘው የቃላት ማውጫ የማመሳከሪያ መጽሐፍ በር ነው። ማውጫ የሌለው ወይም ማውጫው ሁለት ሦስት ገጽ ብቻ የሆነ ወፍራም መጽሐፍ ቍልፍ እንደ ሌለው መጋዘን ነው። ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ከራሱ ሥራ የወሰዳቸውን ጥያቄዎች ይዞ በማውጫው ይፈልግ። ለአብዛኛው ነጋዴ የሚከተሉት ሦስቱ ይበቃሉ።

የመጀመሪያው የመቶኛ ሒሳብ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ መሆኑ ይታወቃል። ታክሱ ተደምሮበት 1,150 ብር የሆነ ዕቃ ያለ ታክሱ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ከ1,150 ላይ 15 በመቶ ቀንሶ 977 ብር ከ50 ሳንቲም የሚል ሰው አይጠፋም። ትክክለኛው መልስ ግን 1,150ን ለ1.15 አካፍሎ የሚገኘው 1,000 ብር ነው። በአንድ ዕቃ ላይ የ22 ብር ከ50 ሳንቲም ስሕተት በመቶ ዕቃ 2,250 ብር ይሆናል። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ያሰላል እንጂ ትእዛዙ የተሳሳተ መሆኑን አይነግርም። ስለዚህ መጽሐፉ የመቶኛን ሒሳብ በምሳሌ የሚያብራራ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የምንዛሪ ሒሳብ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ አስመጪ የሆነ ሰው የዕቃዎቹን ዋጋ ደጋግሞ ማስላት ግድ ሆኖበታል። ምንዛሪውን በየዕቃው ረድፍ እየደጋገመ የጻፈ ሰው፥ ሁለት መቶ ዕቃ ቢኖረው ሁለት መቶ ጊዜ ያርማል፤ አንዱን ቢዘነጋም በኪሳራ ይሸጣል። ምንዛሪውን በአንድ ሴል ብቻ ጽፎ ፎርሙላዎቹን ሁሉ ወደዚያ ሴል የመራ ሰው ግን አንድ ቍጥር ለውጦ ይገላገላል። ለዚህም በፎርሙላው ውስጥ በዓምዱ ፊደልና በረድፉ ቍጥር ፊት የዶላር ምልክት ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ፎርሙላው ወደ ታች ሲገለበጥ አድራሻው አብሮ ይሸሻል። ይህን ነገር በሥዕል አስደግፎ የማያስረዳ መጽሐፍ ለአስመጪ አይሆንም።

ሦስተኛው የዱቤ ሒሳብ ነው። ከብዙ የሽያጭ ረድፎች መካከል የአንዱን ደንበኛ ዕዳ ብቻ ለይቶ የሚደምረው ሰምኢፍ የተባለው ፎርሙላ ነው። መጽሐፉ ይህን ከነምሳሌው ከያዘ ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን ወደ ሠንጠረዥ ማዛወር ይችላል።

አራተኛ፤ ባሕር ማዶ የተጻፈ መጽሐፍ የማይነግረው

ከውጭ አገር የመጣ መጽሐፍ ምንም መልካም ቢሆን የአገራችንን የዘመን አቈጣጠርና ፊደል አያስተምርም። ይህን ያልተረዳ ሰው መጽሐፉን በሚገባ ተምሮም ሊሳሳት ይችላል።

ኤክሴል ቀንን የሚቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ቀን ከወር በፊት እንዲጻፍ በተስተካከለ ኮምፕዩተር ጥቅምት 30 ቀን 2017 ለማለት 30/2/2017 ብለው ቢጽፉ፥ የአውሮፓ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለ ሌለው ፕሮግራሙ ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። በዚያ ላይ የቀን ሒሳብ ቢሠሩም የስሕተት ምልክት ይሰጣል። ከዚህ የሚከፋው ስሕተቱ ሳይታይ ሲቀር ነው። ከመስከረም 10 እስከ ኅዳር 10 ቀን 2017 ድረስ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። እነዚህን ቀኖች 10/1/2017ና 10/3/2017 ብለው ሲጽፉ ግን ፕሮግራሙ ከጃንዩወሪ እስከ ማርች ቈጥሮ 59 ቀን ይላል። ወለድ ወይም የዱቤ ጊዜ በቀን ለሚቈጥር ሰው ይህ ክርክር የሚያስነሣ ነው። ጳጕሜንም አሥራ ሦስተኛ ወር ስለ ሆነች በአውሮፓ አቈጣጠር ስፍራ የላትም። መፍትሔው ሁለት ዓምድ መያዝ ነው፤ አንዱ ለሒሳብ የሚያገለግል የአውሮፓ ቀን፥ ሁለተኛው ለንባብ የሚያገለግል በጽሑፍ መልክ የገባ የኢትዮጵያ ቀን።

በፊደልም በኩል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፥ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለኮምፕዩተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በዕቃ መዝገብ ላይ አንዱ ጸሐፊ የበግ ጸጕር፥ ሌላው የበግ ፀጕር፥ ሦስተኛው የበግ ጠጕር ብለው ቢጽፉ፥ ፕሮግራሙ ሦስት ዓይነት ዕቃ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ በአንዱ ስም የተደመረውም ድምር ጐደሎ ይሆናል። ስለዚህ የዕቃዎች ስም አንድ ጊዜ ተወስኖ፥ ዝርዝሩ በወረቀት ተጽፎ ከኮምፕዩተሩ አጠገብ ይለጠፍ። እንደዚሁም ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ፕሮግራሞች የተጻፈ መዝገብ ከአዲሱ ጋር ሲቀላቀል ለዓይን ቢመሳሰልም በፍለጋ አይገናኝም።

ብልኅ ነጋዴ እነዚህን ነገሮች በማመሳከሪያ መጽሐፉ የኋላ ሽፋን ላይ በእጁ ጽፎ ያኖራል። የባዕዱ መጽሐፍም በዚህ ለአገር ሥራ የሚስማማ ይሆናል።

አምስተኛ፤ ስለ ዋጋና ስለ መጽሐፉ ሁኔታ

በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ የተጠረዘ መጽሐፍ በዋጋው ርካሽ ሆኖ ሲቀርብ፥ የቃላት ማውጫው አብሮ መባዛቱና ገጾቹ አለመጕደላቸው ይታይ። ደግሞም የደራሲውንና የአሳታሚውን መብት ማክበር ይገባል። አሮጌ መጽሐፍ የመልመጃ ፋይሎቹ በሲዲ ላይ ያሉ ከሆነ፥ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች የሲዲ ማስገቢያ ስለ ሌላቸው ፋይሎቹ በኢንተርኔት የሚገኙ መሆናቸው አስቀድሞ ይጠየቅ። ገንዘብ ለማውጣት የማይችል ሰውም መንገድ አለው። ሊብሬኦፊስ የተባለው የቢሮ ፕሮግራም ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው፤ ካልክ ለተባለው የሠንጠረዥ ክፍሉ የተዘጋጀው የእንግሊዝኛ መምሪያም እንዲሁ ያለ ክፍያ ይወርዳል። ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ በስልኩ አውርዶ የሚፈልገውን ምዕራፍ ብቻ ማሳተም ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተነገረው ሁሉ ሲጠቃለል፥ ጥሩ ማመሳከሪያ መጽሐፍ ማለት የገዢውን የዕለት ሥራ ጥያቄ የሚመልስ መጽሐፍ ማለት ነው። ገዢው ደረጃውን ይለይ፤ የፕሮግራሙን ሥሪት ጽፎ ይያዝ፤ የታክስ፥ የምንዛሪና የዱቤ ጥያቄዎቹን በማውጫው ይፈልግ። ሦስቱም ጥያቄዎች በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ከተገኙና ማብራሪያቸው ከገባው፥ መጽሐፉን ይግዛ። ካልተገኙ ግን መጽሐፉን በስፍራው መልሶ ሌላውን ይመልከት።

ከገዛ በኋላም በሳምንት አንድ ፎርሙላ ብቻ ይማር፤ የተማረውንም ወዲያውኑ በራሱ ሱቅ ሒሳብ ላይ ይሥራበት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የወረቀት መዝገቡን ሳይተው ሁለቱን ጐን ለጐን ይያዝ፤ በየሳምንቱ መጨረሻም ድምሮቹን ያስተያይ። ልዩነት ባገኘ ጊዜ መጽሐፉን ገልጦ ምክንያቱን ይፈልግ። ሁለቱ መዝገቦች ሳይለያዩ በተከታታይ አራት ሳምንት ከተስማሙ፥ በሠንጠረዡ ተማምኖ ዋጋ ሊቈርጥ ይችላል።