ከዋት በፊት ሜትር፦ በላፍቶ ግቢዎች በሙዚቃ ለሚደረግ የስኬቲንግ ልምምድ የተንቀሳቃሽ ድምፅ ማጉያ አመራረጥ

በሙዚቃ ታጅቦ የሚቀርበው ጥበባዊ ስኬቲንግ በበረዶ ሜዳ ላይ ያደገ ስፖርት ነው። በዓለም አቀፍ ውድድሮች የተለመደው ሜዳ 60 ሜትር በ30 ሜትር ሲሆን ጣሪያና ግድግዳ አለው፤ ድምፅ ማጉያዎቹም ከላይ ተሰቅለው ወደ ሜዳው ያዘነበሉ ናቸው። በዚያ ሁኔታ የድምፅ ጉዳይ የአዳራሹ ባለሙያ እንጂ የአሠልጣኙ ሥራ አይደለም። በአዲስ አበባ የዚህ ስፖርት የቅርብ ዘመድ በባለጎማ ጫማ የሚደረገው ሮለር ስኬቲንግ ነው፤ ልምምዱም የሚካሄደው በአደባባይ፣ በኮንዶሚኒየም ግቢና መኪና ባልበዛበት የውስጥ መንገድ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጎዳናዎችን ለሰዓታት ከተሽከርካሪ ነጻ ባደረገ ጊዜም ባለጎማ ጫማ የተጫሙ ወጣቶች ከሯጩና ከአካል ብቃት ሠሪው ጋር አብረው ታይተዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ጣሪያ የለም፣ የተሰቀለ ማጉያም የለም። ያለው አሠልጣኙ ወይም ከቡድኑ አንዱ ተሸክሞ የሚያመጣው ዕቃ ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ ዕቃው በምን መመዘኛ ሊመረጥ እንደሚገባ ይመረምራል። ለስሌት እንዲመች በላፍቶ፣ በጀሞና በጎፋ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በሕንፃዎች መካከል የሚገኘውን ዓይነት ክፍት ቦታ በማሰብ 30 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ስፋት ያለው ንጣፍ ተወስዷል።

በገበያ የተለመደው መመዘኛ ዋት ነው። ሻጩም ገዢውም ከካርቶኑ ላይ አስቀድመው የሚያነቡት እርሱን ነው፤ የሰርግና የስብሰባ ትዝታ ያለበት ገዢም ልቡ የሚያዘነብለው ወደ ትልቁ ሞንታርቦ ነው። ይሁን እንጂ በካርቶን ላይ የሚታተመው አሃዝ፣ በተለይም ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚል ምልክት የተጻፈበት፣ ዕቃው ለቅጽበት ሊደርስበት ይችላል የተባለ ግምት እንጂ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል አይደለም። አሃዙ እውነት ቢሆን እንኳ ኃይል በእጥፍ ሲያድግ የድምፁ መጠን የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም 10 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በአንጻሩ ክፍት በሆነ ስፍራ ከማጉያው ያለው ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። ርቀት የሚወስደውን ዋት አይመልሰውም።

በዚህ ላይ የከተማዋ ከፍታ ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የአየሯ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል ያንሳል። የማጉያው ሸራ በተመሳሳይ ኃይል ሲርገበገብ የሚገፋው አየር የሳሳ ስለሆነ የሚፈጥረው የድምፅ ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ከ2 ዴሲቤል በጥቂቱ ይበልጣል። በዝቅተኛ ስፍራ ተለክቶ በ1 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የተባለ ማጉያ ላፍቶ ላይ ወደ 88 ዴሲቤል ግድም ይሰጣል ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በኃይል ሲተመን የአንድ ተኩል እጥፍ ያህል ዋት ነው።

ማጉያው እንደተለመደው በሶኬት ወይም በደረጃ አቅራቢያ፣ በንጣፉ አንድ ጥግ ቢቀመጥ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለው ርቀት 33 ሜትር ተኩል ይሆናል። እዚያ የሚደርሰው ድምፅ 57 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም ከተራ ንግግር ያነሰ ነው። የራሷን ጎማ ጩኸት በእግሯ ሥር ይዛ ለምትንሸራተት ልጅ ደግሞ ይህ አይበቃም፤ በአስፋልትና በሲሚንቶ ላይ የሚሽከረከር ጎማ ከበረዶ ላይ ስለት ይልቅ ይጮኻል። ያው ማጉያ ከጥጉ ተነሥቶ በረጅሙ ጎን መካከል ሲቀመጥ የመጨረሻው ርቀት ወደ 21 ሜትር ይወርዳል፤ በሩቁ ጥግ ያለው ድምፅም በ4 ዴሲቤል ያድጋል። ይህን ጭማሪ በግዢ ለማግኘት የ100 ዋቱን ዕቃ በ250 ዋት መተካት ያስፈልግ ነበር። ማጉያውን ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ማድረግም ያለ ወጪ የሚገኝ ጥቅም አለው፤ ለጥራት የሚያስፈልገው ቀጭን ድምፅ በፊት ረድፍ ባሉ ሰዎች አካል አይጋረድም።

የጎረቤት መስኮት

ድምፁን በማሳደግ ብቻ የማይፈታው ችግር የሚጀምረው ከንጣፉ ውጭ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ተከትሎ የወጣው ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ የፈቀደው የድምፅ መጠን በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ከላይ የተጠቀሰው አንድ ማጉያ በ20 ሜትር ርቀት ባለ መስኮት ላይ የሚያሳርፈው 61 ዴሲቤል በላይ ነው። በመስኮቱ ውስጥ አራስ፣ ሕመምተኛ፣ የሌሊት ተረኛ ወይም ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ሊኖር ይችላል። ግቢ የጋራ ነው፤ ቅሬታ ሲበዛ የሚዘጋው ማጉያው ሳይሆን ልምምዱ ነው። ሌላ ሜዳ ለሌላቸው ልጆች ደግሞ ይህ የስፖርቱ ፍጻሜ ነው። ስለዚህ ጥሩ ዕቃ ማለት ለተንሸራታቿ የሚበቃ፣ ለጎረቤቷ የማይተርፍ ድምፅ የሚሰጥ ዕቃ ነው።

ለዚህ የሚሻለው አንድ ትልቅ ሳይሆን ሁለት ትናንሽ ማጉያዎችን መጠቀም ነው። ሁለቱ በረጅሞቹ ጎኖች መካከል፣ ፊት ለፊት ተያይተውና ጀርባቸውን ለሕንፃዎቹ ሰጥተው ሲቀመጡ ከየትኛውም የንጣፉ ነጥብ እስከ ቅርቡ ማጉያ ያለው ርቀት ከ17 ሜትር አይበልጥም። በዚህ አቀማመጥ እያንዳንዱ ማጉያ በ4 ዴሲቤል ግድም ዝቅ ብሎ እየሠራ እንኳ ጥጎቹ ቀድሞ በጎን መካከል ከነበረው ነጠላ ማጉያ ያገኙትን ያህል ድምፅ ያገኛሉ፤ በመስኮቱ ላይ የሚያርፈው ግን ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ከማጉያው ጀርባ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ ከፊቱ ያነሰ ስለሆነ ቅናሹ በተግባር ከዚህ ይልቃል። ሙዚቃው ከልምምዱ ጊዜ በግማሹ ብቻ ከተከፈተ አማካዩ በሌላ 3 ዴሲቤል ይወርዳል፤ በጠቅላላው ለቀኑ ወሰን ይጠጋል። ድምፅን በሁሉም አቅጣጫ የሚበትኑት ክብ ማጉያዎች ለሳሎን ተስማሚ ናቸው፤ ለዚህ ዓይነቱ ግቢ ግን ለጎረቤት የሚያካፍሉት ይበዛል።

ዘግይታለች የምትባለው ልጅ

ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ማጉያው በጥግ ሲቀመጥ ሙዚቃው ለሩቋ ተንሸራታች የሚደርሰው ከ98 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው። አሠልጣኙ የሚቆመው ከማጉያው አጠገብ ከሆነ ድምፁን ወዲያው ይሰማል፤ የልጅቷን እግር የሚያየው ግን የሰማችውን ምት በትክክል ስትከተል ነው። በጆሮውና በዓይኑ መካከል ያለው የ98 ሚሊሰከንድ ክፍተት ለእርሱ የልጅቷ ጥፋት ሆኖ ይታየዋል። እርማቱን ተቀብላ ከምቱ ቀድማ መሄድ ብትለምድ ወደ ማጉያው ስትቀርብ በእውነት ትሳሳታለች።

ክፍተቱ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚወስነው ሙዚቃው ነው። በደቂቃ 120 ዋና ምት ባለው የችክችካ ዜማ በሁለት ዋና ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ ዋናው ምት በሦስት ሲከፈል አንዱ ክፍል 167 ሚሊሰከንድ ይሆናል። 98 ሚሊሰከንድ ከዚህ ክፍል ከግማሽ በላይ ነው፤ የችክችካ ውበት ያለውም በእነዚሁ ክፍሎች አከፋፈል ላይ ነው። በሁለት ማጉያዎች አቀማመጥ ግን ትልቁ መዘግየት 49 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ከሁለቱ ማጉያዎች የሚመጣው ድምፅ የመድረሻ ልዩነትም ከዚሁ አይበልጥም፤ ስለዚህ ጆሮ እንደ አንድ ድምፅ ያዋህደዋል። ማጉያዎቹ በአጭሮቹ ጎኖች፣ በ30 ሜትር ተራርቀው ቢቀመጡ ግን ልዩነቱ በየጫፉ 87 ሚሊሰከንድ ደርሶ ሰው ሠራሽ የገደል ማሚቶ ይፈጥራል።

ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ብሉቱዝ በዚህ ረገድ ከሚባለው ያነሰ ጥፋት ነው ያለበት። መደበኛው የብሉቱዝ ሥርጭት ድምፁን ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ በላይ ሊያዘገየው ይችላል፤ ነገር ግን መዘግየቱ ለአሠልጣኙም ለተንሸራታቿም እኩል ስለሆነ በተቀዳ ሙዚቃ መለማመድን አያውክም። የሚያውከው አንዱ ማጉያ በሽቦ፣ ሌላው በብሉቱዝ ከስልኩ ጋር ሲገናኝ ነው። በመሆኑም ሁለቱ ማጉያዎች አንድ ዓይነትና እርስ በርሳቸው ተጣማጅ እንዲሆኑ፣ ወይም ሁለቱም በሽቦ የሚያያዙ እንዲሆኑ ያስፈልጋል። ሙዚቃው ከስልክ ይልቅ ከፍላሽ ወይም ከሜሞሪ ቢከፈት ይመረጣል፤ የ4 ደቂቃ ትርኢት በ3ኛው ደቂቃ ላይ በስልክ ጥሪ መቋረጡ ልጆቹን ከድካማቸው በላይ ያበሳጫል።

ባትሪና አቧራ

ባትሪን በተመለከተ ነገሩ ቀላል ነው። ባለጎማ ትላልቅ ማጉያዎች ብዙውን ጊዜ የአሲድ ባትሪ አላቸው፤ 12 ቮልትና 7 አምፒር-ሰዓት የሆነው ዓይነት ዕድሜው እንዳያጥር በግማሹ ብቻ ቢሠራበት በአማካይ 15 ዋት ለሚወስድ ማጉያ ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ይበቃል። መብራት ጠፍቶ ሳይሞላ ቀናት ከቆየ ግን ይጎዳል። ሊቲየም ቀላልና ታጋሽ ነው። ስለ ውሃ መከላከያ የሚጻፈው ምልክትም በጥንቃቄ ይነበብ፤ በአይ.ፒ. 67 የመጀመሪያው አሃዝ አቧራን፣ ሁለተኛው ውሃን ያመለክታል። የመጀመሪያው አሃዝ በኤክስ የተተካበት ዕቃ ስለ አቧራ ቃል አልገባም፤ በበጋ የላፍቶ ግቢዎች ከዝናብ ይልቅ የሚያሰጉት በአቧራቸው ነው።

ዕቃው በሱቅ ውስጥ ሲሞከር ሁልጊዜ ትልቅ ይመስላል፤ ግድግዳዎቹ ድምፁን መልሰው ስለሚያጠናክሩት ነው። ስለዚህ ሙከራው ከደጅ ቢደረግ ይሻላል። ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት ከ2014–15 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን ጀምሮ በነጠላና በጥንድ ውድድሮችም ግጥም ያለው ሙዚቃ ስለፈቀደ ለሙከራው ግጥም ያለው ዘፈን ይመረጣል። ገዢው ልምምድ ላይ በሚጠቀምበት የድምፅ ልክ ከፍቶ 15 ሜትር ይራቅ፤ የዘፈኑን ቃላት መለየት ከቻለ ወደ ማጉያው ጀርባ ዞሮ በዚያው ርቀት ያዳምጥ። ከፊት ቃላቱ የሚለዩበት፣ ከጀርባ ግን ጭምጭምታው ብቻ የሚሰማበት ዕቃ ለግቢው ተስማሚ ነው።